ሽፍኑ ታፔላ

በሕግ አምላክ ሲባል ወራጅ ውሃ ይቆማል ይላሉ። እኔ በሕግ አምላክ ተብሎ የቆመ ውሃ አላየሁም። የቆመ ጠበቃ ግን አይቻለሁ፤ እሱም ራሴ ነኝ። ቡታጅራ ላይ ስምንት ወር ሙሉ ቆሜያለሁ፤ ካባዬ ሻንጣ ውስጥ፣ ታፔላዬ ጆንያ ውስጥ፣ ምላሴ አፌ ውስጥ። ከሦስቱ በጣም የተቸገረችው ምላሴ ናት።

ወደ ነገሬ ከመግባቴ በፊት ማንነቴን ላስረዳ፤ የሙያ ልማድ ነውና ታገሡኝ። ጎጃም ውስጥ፣ ስሟን ብጠራ ዳኞቿ በሚቀየሙኝ አንዲት ከተማ፣ አሥራ ሁለት ዓመት በጥብቅና ሠርቻለሁ። አሥራ ሁለት ዓመት ማለት ሁለት ካባ መጨረስ ማለት ነው። የመጀመሪያው የተቀደደው ክርኑ ላይ ነው፤ ስናገር ጠረጴዛ መደገፍ እወዳለሁ፣ ስናገር ደግሞ ቶሎ አልጨርስም። "ባጭሩ ክቡር ፍርድ ቤት" ብዬ ከጀመርኩ የችሎቷ ጸሐፊ እስክሪብቶዋን አስቀምጣ ጥፍሯን መሞረድ ትጀምር ነበር።

ባለቤቴ ወይንሸት ነርስ ናት፤ የቡታጅራ ልጅ። እናቷ ሲታመሙባት ዝውውር ጠየቀች፣ ማንም ባልጠበቀው ፍጥነት ተፈቀደላት።

"አንተስ እንዴት ልትሆን ነው?" አለችኝ።

"እኔማ ምን ዝውውር ያስፈልገኛል?" አልኳት። "ጠበቃ ምላሱን ይዞ መሄድ ነው። ፍታብሔሩ አንድ፣ ወንጀለኛ መቅጫው አንድ፣ ሥነ ሥርዓቱ አንድ።"

ያኔ አገሩ በክልል ከተከፈለ ብዙ ዓመት ሆኖታል። ስለ ክልሎች ሥልጣን አስረዳ ብባል ቀኑ የማይበቃኝ ሰው ነበርኩ። ነገር ግን ይህ የክልል ነገር እኔን ራሴን ይነካኛል ብዬ አንድም ቀን አስቤ አላውቅም፤ ሌሎች ሰዎች የሚኖሩበት ነገር ይመስለኝ ነበር።

ቡታጅራ፣ ሐጂ ሸምሱ ግቢ ውስጥ ቤት ተከራየን። ሐጂ ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ መስቃን ገጠር በርበሬና እንሰት ያላቸው ሽማግሌ ናቸው። አንድ ልማድ አላቸው፤ ሰው ሲያዳምጡ ዐይናቸውን ይጨፍናሉ። የመጀመሪያ ቀን ስለ ራሴ ሳወራላቸው ጨፈኑ። እንቅልፍ የወሰዳቸው መስሎኝ ድምፄን ከፍ አደረግሁ።

"አልተኛሁም፤ እየሰማሁህ ነው" አሉኝ። "በጆሮ ነው እኮ የሚሰማው።"

በሁለተኛው ሳምንት ምሳ ጠሩን፤ ከምሳ በኋላም የሆዳቸውን ነገሩኝ። እርሻቸው ላይ አባታቸው በእጃቸው የቆፈሩት የውሃ ጉድጓድ አለ። የበርበሬ ችግኝ የሚያጠጡት ከሱ ነው፤ አራት ቤተሰብም ከሱ ይቀዳል። ጎረቤታቸው ከድር በወሰኑ ላይ ባሕር ዛፍ ደርድሮ ተከለ። ባሕር ዛፉ ወደ ላይ በወጣ ቁጥር ውሃው ወደ ታች ወረደ። አምና ገመዱ ላይ ሁለት ክንድ ቀጠሉ፤ ዘንድሮ ሌላ ሦስት ክንድ። ሽማግሌ ተቀመጠ፤ ሽማግሌዎቹ ለሁለቱም ዘመድ ስለነበሩ ማንንም ላለማስቀየም ነገሩን ከጁምዓ ወደ ጁምዓ አሻገሩት። ሐጂ ሲሰለቻቸው ፍርድ ቤት ከሰሱ። ከድር ደግሞ በከተማው ያለውን አንድ ለእናቱ ጠበቃ ቀድሞ ያዘው።

"በርበሬው ቢቀር ይቅር" አሉ ሐጂ። "ግን አባቴ የቆፈሩት ጉድጓድ በሸምሱ ጊዜ ደረቀ ከሚባል፣ ወላሂ እኔ ብደርቅ ይሻለኛል። እሱ ጠበቃ አለው። እኔ ማን አለኝ?"

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። "እኔ አለሁ" አልኩ። እዚያ ላይ ባቆም ጥሩ ነበር። "ይሄማ ሐጂ፣ ለእኔ ከቁርስ በፊት የሚያልቅ ጉዳይ ነው" ብዬ ጨመርኩበት። ወይንሸት በእግሯ ጎሸም አደረገችኝ፤ አልሰማኋትም።

"ቃልህ ነው?" አሉ።

"ቃሌ ነው።"

በማግሥቱ ታፔላ አሠራሁ። "የሕግ አማካሪና ጠበቃ፤ በማንኛውም ደረጃ ባለ ፍርድ ቤት" የሚል። ከጽሑፉ ሥር የፍትሕ ሚዛን እንዲስልልኝ ለሠዓሊው ነገርኩት። ሠዓሊው ከዚያ በፊት የሠራው የሥጋ ቤት ታፔላ ብቻ ስለነበር ሚዛኑ ላይ ኪሎ የሚጎድል ይመስል ነበር። ብቻ ደስ አለኝ። እንዳይሰረቅብኝ በብረት ቋሚ ላይ አስበየድኩት፣ እግሩንም በሲሚንቶ አስቀበርኩት። በሕይወቴ አንድ ሥራ በጥራት የሠራሁት ያን ቀን ነው፤ ቆይቶ ጉድ ያደረገኝም እሱ ነው።

በሦስተኛው ቀን ከወልቂጤ ለሥራ የመጣ አንድ የዞን ሰው ታፔላው ሥር ቆሞ ሁለት ጊዜ አነበበው። ከዚያ ገባና ፈቃዴን ጠየቀኝ። በኩራት ሰጠሁት።

"ይሄ የአማራ ክልል ነው" አለ ገልብጦ እያየ።

"አዎ፤ አሥራ ሁለት ዓመት የሠራሁበት።"

"ይሄ ደግሞ ደቡብ ክልል ነው።"

"ሕጉ ግን አንድ ነው።"

"ሕጉ አንድ ነው" አለ ሰውዬው በትሕትና። "ማኅተሙ ነው ሌላ።"

ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ብዙ የሕግ ትርጓሜ ሰምቻለሁ፤ እንደዚህ የጠራ አልገጠመኝም። ሰውዬው ክፉ አልነበረም። ያለ ፈቃድ ችሎት ብቆም ወንጀል እንደሆነ፣ ታፔላውም ዛሬውኑ መነሣት እንዳለበት ነገረኝ። ቀጥሎ አጽናናኝ። "አንተ ልምድ ያለህ ጠበቃ ነህ፤ ፈተና አትፈተንም። ከነበርክበት ፍርድ ቤት የሥራ ልምድህንና ሥነ ምግባርህን የሚገልጽ ደብዳቤ ታመጣለህ። የድሮውን ፈቃድ ትመልሳለህ። አዋሳ ታስገባለህ። በቃ።"

መንግሥት ቤት "በቃ" ሲባል ነገሩ ሊጀመር ነው ማለት እንደሆነ እኔ ለደንበኞቼ ስንት ጊዜ አስተምሬያለሁ። የራሴ ሲሆን ጊዜ አመንኩት።

ታፔላውን ልነቅል ብል ሲሚንቶው አልነቃነቅ አለ። ሁለት ሰው ጨምሬ ገፋሁት፤ አጠገቡ ያለው ግድግዳ ተነቃነቀ እንጂ እሱ ንቅንቅ አላለም። በመጨረሻ ሐጂ ከመጋዘናቸው አንድ ጆንያ አምጥተው ከላይ አለበሱት፤ ወገቡን በገመድ አሠሩት። ጆንያው የበርበሬ ነበር። ከዚያን ቀን ጀምሮ ነፋስ በነፈሰ ቁጥር በዚያ የሚያልፍ ሁሉ ያስነጥሳል።

በዚያ ዘመን አንድ ነገር ተሸፍኖ ከታየ ሊመረቅ ነው ማለት ነው። በሳምንቱ የቀበሌው ሊቀ መንበር መጡ፤ ተቀይመዋል።

"የሚመረቀው ምንድን ነው? እኛ ሳናውቅ?"

"ከበላይ አካል እየተጠበቀ ነው" አልኳቸው። ውሸት የለበትም።

"ከበላይ" የምትለውን ሲሰሙ ድምፃቸው ወረደ፤ አስነጠሱ፤ ሄዱ። በማግሥቱ ዙሪያውን የሚጠርግ ሰው ላኩልኝ። ወሩ ሳያልቅ ጋሪ ነጂዎቹ ቦታውን "ሽፍኑ" አሉት። "ሽፍኑ ጋ ወራጅ አለ" ይላል ተሳፋሪው፤ ጋሪው ይቆማል፤ ፈረሱ ያስነጥሳል።

እኔ ደግሞ ደብዳቤዬን ላመጣ ጎጃም ወጣሁ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናዘዝ። ደብዳቤውን የሚፈርሙት የፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት፣ በአሥራ ሁለት ዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ "ከችሎት ይነሡልኝ" ብዬ ማመልከቻ ያስገባሁባቸው ዳኛ ናቸው። ስገባ ገና ፊታቸው ጠቆረ።

"ደግሞ ምን አመጣህ?"

"ወደ ደቡብ ልሄድ ነው፤ ደብዳቤ ፈልጌ ነው።"

"ለስንት ቀን?"

"ለመኖር።"

እስክሪብቶውን አስቀመጡ። "ከነቤተሰብህ?"

"ከነቤተሰቤ።"

"ዕቃህን ጭነሃል?"

"ጭኛለሁ።"

ተነሥተው ጸሐፊያቸውን ራሳቸው ጠሯት። ቀጠሮ ሳይሰጡ የጨረሱልኝ የመጀመሪያው ጉዳይ ይህ ነው፤ ሻይም አዘዙልኝ። ደብዳቤውን አውቶቡስ ውስጥ አነበብኩት። "ንግግሩ ቁጥብ፣ ሰዓት አክባሪ፣ ትሑት፣ ለወጣት ጠበቆች አርአያ የሆነ፣ በመልቀቁ ፍርድ ቤቱ የሚጎዳ" ይላል። እንዲህ ያለ ሰው በከተማችን ኖሮ ሳልተዋወቀው መውጣቴ አሳዘነኝ።

የድሮውን ፈቃዴንም እዚያው መለስኩ። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ከዚህ በኋላ ነው። በኢትዮጵያ ካርታ ላይ ጠበቃ ነኝ የምልበት አንድ ጥማድ መሬት አልቀረኝም።

አዋሳ ከመሄዴ በፊት ከዞኑ ሸኚ ደብዳቤ ያስፈልጋል ተባለ። ዞኑ ያለው ወልቂጤ ነው። ወልቂጤና ቡታጅራ የአንድ ዞን ልጆች ናቸው፤ ነገር ግን መካከላቸው ዘቢዳር ተራራ ቁጭ ብሏል። ስለዚህ እንደ እኔ እግሩን የሚወድ ሰው ከቡታጅራ አዲስ አበባ ይገባል፤ ከአዲስ አበባ ደግሞ ወደ ወልቂጤ ይመለሳል። ወደ ራሴ ዞን ለመግባት የሌላ ክልል አፈር ሁለት ጊዜ ቃምኩ፤ በአንዱም ውስጥ ጠበቃ አልነበርኩም። ወልቂጤ ስደርስ ያ የዞን ሰው ሳቀ። "ሽፍኑ አንተ ነህ አሉ?" አለኝ። ዝናዬ አቋራጭ መንገድ ያውቃል፤ በተራራው መጥቷል።

በዝዋይ፣ በሻሸመኔ አድርጌ አዋሳ ደረስኩ። ፈቃድ ሰጪው ክፍል ውስጥ መነጽር ያደረጉ፣ ከመነጽራቸው በላይ የሚያዩ ወይዘሮ ተቀምጠዋል። ማስረጃዎቼን አንድ በአንድ አዩ፤ ሁሉም ደህና ነው። የዳኛው ደብዳቤ ላይ ሲደርሱ ግን ቆሙ። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉና እንደገና አነበቡት።

"ይሄን የጻፈው ዳኛ ነው?"

"አዎ።"

"ስለ ጠበቃ?"

"አዎ።"

"አንድም ጉድለት የለብህም?"

ትሕትና ላሳይ ብዬ አንገቴን ደፋሁ። "እንግዲህ፣ ሰዎች ናቸው እንዲህ የሚሉት።"

"ስማ ወንድሜ" አሉ ወይዘሮዋ። "ስንት ግምገማ ተቀምጫለሁ። እዚህ ቤት ጉድለት የሌለበት ሰው ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ያልሠራ፣ አንዱ የደበቀ። አንተ የትኛው ነህ?"

መልሴን አልጠበቁም። እሳቸውም ደብዳቤው እውነተኛ መሆኑን ለማጣራት ለፍርድ ቤቱ እንደሚጽፉ፣ በፖስታ እንደሚላክ፣ መልሱም በፖስታ እንደሚመጣ አስረዱኝ። እኔ ቡታጅራ ተመለስኩ፤ ፖስታው መንገድ ጀመረ።

በዚህ መሐል የሐጂ ቀጠሮ ደረሰ። ዳኛዋ ወጣት፣ ድምፃቸው ቀስ ያለ ሴት ናቸው። ሐጂ ብቻቸውን ቀርበው "ጠበቃዬ አዋሳ ማኅተም ሊያመጣ ሄዷል" አሉ። ተቀጠረ። በሁለተኛውም ቀጠሮ እንዲሁ አሉ፤ ተቀጠረ። ዳኛዋ ግን አስጠነቀቁ፤ በሦስተኛው ጠበቃው መጣም አልመጣም ጉዳዩ ይሰማል። ጉድጓዱ በበኩሉ ቀጠሮ አያውቅም። ገመዱ ላይ አንድ ክንድ ተጨመረ።

"ሌላ ጠበቃ ከወልቂጤ እናምጣ" አልኳቸው አፍሬ።

"ቃል ሰጥተኸኛል፤ ተቀብያለሁ" አሉ ሐጂ። "ኢንሻአላህ ይመጣል።"

ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ከስንት ወር በኋላ የዳኛው መልስ አዋሳ ደረሰ ተባልኩና በረርኩ። ዳኛው ነገሩ ተበላሽቶ እንዳልመለስባቸው ሰግተው ኖሮ ሁለተኛው ደብዳቤ ከፊተኛው የባሰ ነበር። "እንዲህ ያለ ጠበቃ በዘመኔ አላየሁም" ይላል።

"አሁንማ ባሰ" አሉ ወይዘሮዋ። "ወይ ዘመድህ ናቸው፣ ወይ ከዚያ አገር እንድትጠፋላቸው ይፈልጋሉ።"

የሁለተኛው ግምታቸው ትክክለኛነት አስደነገጠኝ።

"ሚዛናዊ ደብዳቤ አምጣ" ብለው ፋይሉን ዘጉት።

የጨነቀው እርጉዝ ያገባል። ከዚያው ከአዋሳ ለዳኛው ስልክ ደወልኩ። "ጌታዬ፣ እባክዎ ትንሽ ጥፋት ይጻፉብኝ" አልኳቸው።

በመስመሩ ላይ ወረቀት ሲንኮሻኮሽ ሰማሁ።

"ምን ያህል?" አሉ።

"ለፈቃድ የሚበቃ።"

"እውነተኛውን?"

"እውነተኛውን።"

"ቆይ፣ በሩን ልዝጋ" አሉ።

ደብዳቤው በአምስት ቀን ቡታጅራ ደረሰ፤ በፖስታ አላመኑትም፣ በአውቶቡስ በሰው እጅ ላኩት። ሦስት ገጽ ነው፤ መስመሩ የተጠጋጋ፣ ኅዳግ የሌለው። አሥራ ሁለት ዓመት የታመቀ ነገር ሲለቀቅ እንዲህ ነው። "ባጭሩ ካለ በኋላ ከአርባ ደቂቃ በታች ተናግሮ አያውቅም። ያልተጠየቀውን አንቀጽ ይጠቅሳል፤ የተጠየቀውን ይረሳል። ከችሎት እንድነሣለት ሦስት ጊዜ አመልክቷል፤ አንደኛው ምክንያቱ እሱ ሲናገር ማዛጋቴ ነው፤ ማዛጋቴ እውነት ነው።" በመጨረሻው ገጽ ደግሞ እንዲህ ይላል፤ "ደንበኛው ሊናገር ሲል እግሩን ይረግጠዋል። ደንበኞቹ ችሎት የሚመጡት እሱን ለመስማት እንጂ ለመሰማት አይደለም።" መዝጊያው ላይ "ይሁን እንጂ ዋሽቶ አያውቅም፤ የደንበኛ ምስጢር አላወጣም፤ በዲሲፕሊንም አልተቀጣም" ብለው ፈርመዋል።

ወይንሸት ለእናቷ ጮክ ብላ አነበበችላቸው። ሴትዮዋ ከታመሙ ወዲህ እንደዚያ ስቀው አያውቁም። "ይሄ ሰው ከእኛ ጋር ኖሯል እንዴ?" አለችኝ ወይንሸት እንባዋን እየጠረገች። ተናደድኩባት። በተለይ ያቺ የእግር መርገጥ ነገር ከነከነችኝ፤ እኔ የምረግጠው ለራሳቸው ጥቅም ነው።

አዋሳ ላይ ወይዘሮዋ ሦስቱንም ገጽ አንብበው ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አሉ። "አሁን ጠበቃ መሆንህ ተረጋገጠ" አሉኝ። "ልምድም አለህ፤ ይሄ ሁሉ ጥፋት በአንድና በሁለት ዓመት አይሠራም።" ፋይሌ ለኮሚቴ ሊቀርብ ሆነ፤ ሁለት ሳምንት ይፈጃል። የሐጂ የመጨረሻ ቀጠሮ ግን በአምስተኛው ቀን ነው።

ምርጫ አልነበረም። ሐጂን ራሳቸውን ላሠለጥን ቆረጥኩ። በየቀኑ ከዐስር ሶላት በኋላ በረንዳ ላይ አስቀምጬ የሚሉትን አስጠናኋቸው፤ የጎረቤት ግዴታ፣ የወሰን ዛፍ፣ የጉዳት መጠን። እሳቸው ዐይናቸውን ጨፍነው ይሰማሉ። "የከድርን ነገር በደግ እንዳያነሡ" አልኳቸው። "አንድ ቃል ካመኑለት አለቀልን።" የምልክት ቋንቋም ተስማማን። እኔ ከሕዝብ መቀመጫ አንድ ጊዜ ካሳልኩ ይቀጥሉ፣ ሁለት ጊዜ ካሳልኩ ያቁሙ።

ቀኑ ደረሰ። ግራጫ ኮቴን ለብሼ ከኋላ ተቀመጥኩ። ከፊት ከሐጂ በስተቀኝ ከድርና ጠበቃው አሉ። ከድር ሃምሳ ዓመት የሚሆነው፣ ባርኔጣውን በሁለት እጁ የሚያሽከረክር ገበሬ ነው። ሐጂ ተጠሩ፤ ተነሡ።

"አሰላሙ አለይኩም" አሉ ለሁሉም። ለከድር ለብቻው ራሳቸውን ነቀነቁለት። "ክብርት ዳኛ፣ መጀመሪያ የከድርን ልናገር።"

ሁለት ጊዜ ሳልኩ።

"አባቴ ሽማግሌ ሲቀመጡ እንዲህ ነበር የሚያደርጉት" አሉ ሐጂ። "የባላጋራውን ነገር ያልተናገረ ሰው የራሱን አይናገርም። ሰምቶት እንደሁ በምን ይታወቃል? ከድር ባሕር ዛፉን ለክፋት አልተከለውም። ጎርፍ በዚያ በኩል መሬቱን እየበላበት ነው፤ ዛፉ ነው የያዘለት። ልጁ ጎጆ ሊወጣ ነው፤ ምሰሶ ከየት ያመጣል? እኔም በሱ ቦታ ብሆን እተክል ነበር።"

እዚህ ላይ ስንት ጊዜ እንዳሳልኩ አላስታውስም። የከድር ጠበቃ ተነሥቶ "ክብርት ዳኛ፣ ከሳሽ ያመኑት ይመዝገብልን" አለ። እኔ ብሆንም እንደዚያው ነበር የምለው፤ እንዲያውም ረዘም አድርጌ።

"ይቀመጡ፤ አልጨረሱም" አሉ ዳኛዋ። ከዚያ ወደ እኔ አዩ። "ግራጫ ኮት የለበሱት፣ ጤና ጣቢያው ቅርብ ነው። ይሂዱ ይታከሙ።"

ፖሊሱ በትሕትና አስወጣኝ። ጤና ጣቢያ ያለችው ሚስቴ ናት፤ ስለዚህ ወደዚያ ከመሄድ በመስኮቱ ሥር መቆም መረጥኩ። ሁሉንም የሰማሁት ከውጭ ነው።

"አሁን የከድርን ተናግሬያለሁ" አሉ ሐጂ። "የኔን ደግሞ እሱ ይናገርልኝ።" ይህን ብለው ተቀመጡ።

ያጠናነው ሁሉ፣ አንቀጾቼ በሙሉ፣ አንዱም አልተነሣም። በመስኮቱ አንገቴን ሳሰግግ የከድር ጠበቃ እግር በጠረጴዛው ሥር ተዘርግቶ የከድርን እግር ሲረግጥ አየሁ። የጎጃሙ ዳኛ በሦስተኛው ገጽ የጻፉትን እግር ለመጀመሪያ ጊዜ ከውጭ ሆኜ አየሁት። አስቀያሚ ነው።

ከድር እግሩን ሳብ አድርጎ ተነሣ። ባርኔጣውን ብዙ አሽከረከረ።

"ጉድጓዱን የሐጂ አባት ሲቆፍሩት አፈር ያወጣ የነበረው አባቴ ነው" አለ። "ገመዱ ስድስት ክንድ ተጨምሮበታል። የማውቀው ስለምንቀዳ ነው። ሚስቴ ከዚያ ነው የምትቀዳው። ገመዱ እጇን ልጦታል። ማታ ማታ ቅቤ ትቀባዋለች፤ እኔን ግን ምንም አትለኝም።" ይህን ብሎ ተቀመጠ።

አራት ቤተሰብ ከጉድጓዱ ይቀዳል ብለውኝ ነበር። ስምንት ወር ሙሉ አራቱ እነማን እንደሆኑ አንድ ቀን አልጠየቅሁም። እኔ እያስረዳሁ ነበርና ጊዜ አልነበረኝም።

ዳኛዋ እዚያው አስማሟቸው። ከድር ለልጁ ጎጆ የሚሆነውን ቆርጦ ይወስዳል፤ ከጉድጓዱ አጠገብ ያለውን ረድፍ ከነሥሩ ይነቅላል። ሐጂ ደግሞ ከነልጆቻቸው ጎርፉ በሚገባበት በኩል የድንጋይ እርከን በመሥራት ያግዙታል። ተጻፈ፣ ተነበበ፣ ፈረሙ።

ሐጂ ሲወጡ በር ላይ ጠበቅኋቸው። አፍሬያለሁ፤ ደስም ብሎኛል፤ የትኛውን ፊት ማሳየት እንዳለብኝ አላወቅሁም።

"ሐጂ፣ ያጠናነው ሁሉስ?"

"አልሐምዱሊላህ፣ ጥሩ ነበር" አሉ ትከሻዬን መታ አድርገው። "ለሌላ ጊዜ ይሆነናል።"

"ለሌላ ጊዜ" ባይሉኝ ኖሮ እንዴት ደስ ባለኝ። ማታ አልጋዬ ላይ ሆኜ አሰብኩት። ፈቃዱ ገና እንደመጣሁ ተሰጥቶኝ ቢሆን ኖሮ እኔ እቆም ነበር፤ ሐጂ አፋቸውን ሲከፍቱ እግራቸውን እረግጥ ነበር፤ ጉዳዩም ከይግባኝ ወደ ይግባኝ ሲንከባለል፣ ጉድጓዱ በእጄ ላይ ይደርቅ ነበር። ይህን ለወይንሸት አልነገርኳትም። ታውቀዋለች።

ፈቃዱ ከችሎቱ በኋላ በዘጠነኛው ቀን መጣ። ማኅተሙ ሌላ ነው። ታፔላውን ልገልጥ ስዘጋጅ የቀበሌው ሊቀ መንበር እንዴት እንደሰሙ አላውቅም፣ መቀስ ይዘው ደረሱ። ሪባን ስላልነበረ ጆንያው የታሠረበትን ገመድ ቆረጡ። የተሰበሰበው ሰው አስነጠሰ፤ ከዚያ ስምንት ወር የጠበቀውን ነገር አየ።

"ሥጋ ቤት ነው እንዴ?" አለ አንድ ጋሪ ነጂ ሚዛኑን እያየ። ሰዉ ተበተነ።

ሦስት ሳምንት አንድ ደንበኛ አልመጣልኝም። ጋሪዎቹ በሬ ላይ መቆም አቆሙ። በአራተኛው ሳምንት አንዲት ከእንሴኖ የመጡ ሴት በሬ ላይ ቆመው "ልጄ፣ ሽፍኑ ጠበቃ የት ነው? የሐጂ ሸምሱ ጠበቃ" አሉኝ።

"እኔ ነኝ፤ ይግቡ።"

ቀና ብለው ታፔላዬን አዩት። "አይ፣ እሱ ሽፍን ነው አሉኝ" ብለው ሄዱ። አላመኑኝም፤ ፈቃዴን ላሳያቸው ብል ማንበብ አይችሉም።

ሐጂ ይህን በረንዳቸው ላይ ሆነው አዩ። ገቡና ጆንያውን ይዘው ወጡ። ታጥቦ ነበር፤ ዳሩ የበርበሬ ጆንያ ታጥቦ አይጸዳም። "በል አልብሰው" አሉኝ። ስንት ክልል አቋርጬ ያመጣሁትን ፈቃድ ግድግዳ ላይ ሰቅዬ፣ ታፔላዬን በገዛ እጄ መልሼ ሸፈንኩት።

በገበያ ቀን እኚያ የእንሴኖ ሴት ተመልሰው መጡ። በሩ ላይ አስነጠሱ፤ ደስ አላቸው፤ ገብተው ተቀመጡ። "ጉዳዬ ረጅም ነው" አሉኝ።

"ባጭሩ" ልል ነበር፤ ዋጥኩት። ሁለቱን እግሬን ከወንበሬ ሥር አቆላልፌ ዐይኔን ጨፈንኩ። ሴትዮዋ ጀመሩ። ከባላቸው ወንድም ተነሡ፣ በአንዲት ጥጃ በኩል አለፉ፣ ወደ ድሮ ተመለሱ። ምላሴ አፌ ውስጥ ትገላበጣለች። ትንሽ ቆይተው ዝም አሉ።

"ተኙ እንዴ ጠበቃው?"

"አልተኛሁም እናቴ" አልኳቸው። "እየሰማሁዎት ነው።"